ልጃችሁ ማሞቂያ ክፍል ሲገባ፦ ጨቅላውን መድኃኒት ከተላመዱ ባክቴሪያዎች የመጠበቅ ዝርዝር መመሪያ ለደሴና ለኮምቦልቻ ቤተሰቦች

«ልጁ ማሞቂያ ገባ» የሚለው ወሬ ቤት ሲደርስ ሁሉም በየፊናው ይደነግጣል። እናት ከወለደችበት አልጋ ገና ሳትነሣ ልጇ በሌላ ክፍል በመስታወት ውስጥ ተኝቷል። አያት ገንፎውን በዕቃ ይዛ በር ላይ ትቆማለች። አባት የመድኃኒት ማዘዣ ጨብጦ ከፒያሳ እስከ አራዳ ፋርማሲ ለፋርማሲ ይዞራል። እኔ ደሴ ውስጥ ጨቅላ ሕፃናትን ሳስታምም ብዙ ዓመት የቆየሁ ነርስ ነኝ። በእነዚህ ዓመታት ከሁሉ በላይ ያቃጠለኝ ነገር ያለ ጊዜው ተወልዶ፣ ትንፋሹ ተስተካክሎ፣ ወተት መጥባት የጀመረ ልጅ ሊወጣ ሦስት ቀን ሲቀረው ክፍሉ ውስጥ በያዘው ሌላ ኢንፌክሽን ሲወድቅ ማየት ነው።

ይህ ኢንፌክሽን ብዙ ጊዜ የሚመጣው መድኃኒት ከተላመዱ ባክቴሪያዎች ነው። መከላከሉ የሐኪምና የነርስ ሥራ ብቻ ይመስላል፤ ግን አይደለም። ትልቁን ክፍል እናንተ ልትሠሩት ትችላላችሁ። እንዴት እንደሚሠራ ከመንገዱ ጀምሬ እስከ ቤታችሁ ድረስ በቅደም ተከተል እነግራችኋለሁ።

በመጀመሪያ ጠላቱን እወቁት

አዲስ የተወለደ ሕፃን በኢንፌክሽን ሲጠረጠር በአብዛኛው በቅድሚያ የሚታዘዙለት ሁለት መድኃኒቶች አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን ናቸው። ለብዙ ዓመታት ብዙ ልጅ አድነዋል፤ ዛሬም ያድናሉ። ችግሩ ሆስፒታል ውስጥ የሚኖሩ አንዳንድ ባክቴሪያዎች እነዚህን መድኃኒቶች መቋቋም መቻላቸው ነው። ከሁሉም ስሙ ጎልቶ የሚነሣው ክሌብሲየላ ይባላል። ኢትዮጵያን ጨምሮ በሰባት አገሮች በተካሄደውና ባርናርድስ ተብሎ በሚታወቀው ጥናት ለጨቅላ ሕፃናት የደም ኢንፌክሽን ቀዳሚ ምክንያት ሆኖ የተገኘው ይኸው ክሌብሲየላ ነው። አሲኔቶባክተር፣ ኢ ኮላይና ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የሚባሉ ባክቴሪያዎችም ጨቅላዎችን ያጠቃሉ።

ክሌብሲየላ በሰው አንጀት ውስጥ ያለ ጉዳት ይኖራል። እርጥብ ቦታ ይወዳል፤ የእጅ መታጠቢያ ጉድጓድ፣ የኦክስጅን ውሃ ዕቃ፣ አክታ መሳቢያ ቱቦ፣ ተከፍቶ የቆየ የግሉኮስ ጠርሙስ ቤቱ ናቸው። አንዳንዱ ዘር መድኃኒቱን ቆራርጦ ከንቱ የሚያደርግ ኢንዛይም ያመነጫል። ይህን የማምረት ችሎታ የያዘችውን ትንሽ የዘር ቁራጭ ደግሞ አጠገቡ ላለ ሌላ ባክቴሪያ ያቀብላል። ስለዚህ መላመዱ ከወላጅ ባክቴሪያ ወደ ልጅ ባክቴሪያ ብቻ የሚወርድ አይደለም፤ ጎረቤት ለጎረቤት እንደሚዋዋሰው ዕቃ ይዘዋወራል። ግን እግር የለውም፣ ክንፍም የለውም። ከአልጋ ወደ አልጋ የሚሄደው በዋናነት በሰው እጅና በጋራ ዕቃ ነው። የቀረው መመሪያ ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

1. መንገድ ላይ

ኮምቦልቻ ወልዳችሁ ወደ ደሴ ከተላካችሁ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ብርዱ ግን ከርቀቱ በላይ ነው። ከኮምቦልቻ ሙቀት ተነሥታችሁ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለችው ደሴ ትወጣላችሁ። የበረደው ሕፃን ኃይሉ ስለሚደክም ኢንፌክሽን ለመቋቋም ይከብደዋል፤ የሰውነት ሙቀቱ ከ36.5 ዲግሪ በታች መውረድ የለበትም። ልጁን ዳይፐርና ቆብ ብቻ አልብሳችሁ ባዶ ደረቱን በእናቱ ባዶ ደረት ላይ አድርጉት፣ ጋቢ ከላይ ደርቡ። እናት መምጣት ካልቻለች አባት ወይም አክስት ደረታቸውን ይስጡት። በስድስት ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ብቻውን ከተኛ ሕፃን ይልቅ በሰው ገላ ላይ ያለው ይሞቃል።

2. ስትደርሱ የምትናገሩት

የሪፈር ወረቀቱን እንደ ገንዘብ ያዙት። ወረቀት ላይ ባይጻፍም እነዚህን በአፋችሁ ተናገሩ፦ የሽርት ውሃው ከፈሰሰ ስንት ሰዓት ሆኖት ልጁ ተወለደ (ከ18 ሰዓት ካለፈ በተለይ)፣ እናት ትኩሳት ነበራት ወይ፣ ልጁ እስካሁን ምን መርፌ ተወጋ፣ መቼ ተወጋ፣ ሌላ ሆስፒታል ስንት ቀን ተኝቶ ነበር። የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ሌላ ክፍል ተኝቶ የመጣ ልጅ ከዚያ ባክቴሪያ ይዞ ሊመጣ ስለሚችል ሐኪሙ የትኛው መድኃኒት እንደሚሻል የሚመርጠውና ልጁን የት እንደሚያስተኛው የሚወስነው በዚህ ነው። እናት በእርግዝናዋ ወራት አንቲባዮቲክ ወስዳ ከሆነም አትደብቁ፤ የሚቆጣችሁ የለም።

3. እጅ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን እንዳትረሱ።

ኢግናዝ ዜመልቫይስ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1847 ቪየና ውስጥ ሐኪሞች እናቶችን ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ ሲያደርግ የወላዶች ሞት በግልጽ ወረደ። ያኔ ብዙዎች አልሰሙትም። ዛሬ ሁላችንም እናውቃለን፤ ግን ማወቅና ማድረግ ለየቅል ናቸው።

ወደ ክፍሉ ከመግባታችሁ በፊት ቀለበት፣ አምባርና ሰዓት አውልቁ። እጅጌአችሁን እስከ ክርን ሰብስቡ። ጥፍራችሁ አጭር ይሁን። እጃችሁ ላይ እንሶስላ ወይም ሂና ካለ ቀለሙ አይጎዳም፤ ጉዳቱ ከረዘመው ጥፍር ሥር ነው። ከዚያ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ታጠቡ። በልባችሁ አንድ አጭር ጸሎት ብትደግሙ ይበቃል፤ ሙስሊም እናቶች ፋቲሓን ይላሉ፣ ክርስቲያኖች አባታችን ሆይን፤ እኔም ሰከንድ ከመቁጠር ይልቅ በዚህ እለካለሁ። መዳፍ ለመዳፍ፣ የእጅ ጀርባ፣ በጣቶች መካከል፣ አውራ ጣት ለብቻው፣ የጣት ጫፎች በመዳፍ ላይ፣ በመጨረሻ የእጅ አንጓ። ሰው ሁልጊዜ የሚረሳው አውራ ጣቱንና የጣቶቹን ጫፍ ነው፤ ሕፃኑን የሚነካው ግን በእነርሱ ነው።

ከታጠባችሁ በኋላ በነጠላችሁ ጫፍ አትጥረጉ። በንጹሕ ወረቀት ወይም በራሳችሁ ንጹሕ ትንሽ ፎጣ አድርቁ፤ ካልሆነ አየር ላይ ይድረቅ። ቧንቧውን በዚያው ወረቀት ዝጉት።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ስሕተት በየቀኑ የማየው ነው። እናት በሚገባ ትታጠባለች፣ ከዚያ ስልኳ ይጠራል፣ ታነሣለች፣ ከዚያ ልጇን ትነካለች። ስልኩ ታክሲ ውስጥ፣ ገበያ ላይ፣ የታመመ ሰው አልጋ ላይ ነበር። ስልክ፣ ፔርሙዝ፣ የበር እጀታ፣ የራስ ፀጉር፣ አፍንጫ፤ ከእነዚህ አንዱን ከነካችሁ እጃችሁ እንዳልታጠበ ቁጠሩት። ስልኩን ከውጭ ለሚጠብቅ ዘመድ ስጡት።

በአልኮል የተሠራው የእጅ ማጽጃ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ እስኪደርቅ ከታሸ እንደ ሳሙናው ይሠራል፤ እጅ ቆሻሻ ወይም እርጥብ ከሆነ ግን ሳሙናና ውሃ ይቀድማል። ዳይፐር ከቀየራችሁ በኋላ ምንጊዜም ሳሙና። ውሃ በሚጠፋበት ቀን ቧንቧ ያለው ጀሪካን ይዞ መገኘት የቤተሰብ ትልቅ ውለታ ነው። ጆግ በእጅ እያነሡ ማፍሰስ ግን የጆጉን እጀታ የሁሉም እጅ መገናኛ ያደርገዋል።

ጓንት ያደረገ ሰው እጁን አልታጠበ ይሆናል። ጓንቱ አንዱን ሕፃን ነክቶ ሌላውን ከነካ ከባዶ እጅ አይሻልም። እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ አይቶ ዝም ይላል፤ ሐኪምን እንዴት እናርማለን ብሎ ያፍራል። ወሎ ሰው ተናግሮ ማስቀየም አይወድም፤ ደግሞም ይሉኝታ አለ። እንግዲያው ሳታስቀይሙ የምትሉት ይኸው፦ «ሲስተር፣ ማጽጃው እዚህ ነው፤ ላቀብልሽ?» ወይም «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ልጁን ከመንካታችን በፊት ሁላችንም እጃችንን እናጽዳ ወይ?» እኔ እንዲህ ያለችኝን እናት አመስግኛት አውቃለሁ። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ አሥራ ሁለት ሕፃን ይዤ ደክሞኝ ረስቼ ነበር፤ እርሷ አስታወሰችኝ።

4. ወተት

እናቲቱ፣ ይህ ለአንቺ ነው። ልጅሽ ከአንቺ የሚፈልገው የመጀመሪያ መድኃኒት እንገሩ ነው። ቢጫ ወይም ወፍራም ሆኖ የሚመጣውን የመጀመሪያ ወተት አንዳንድ ቤት «ያረጀ ነው» ብለው ያፈሱታል፤ እንዳታፈሽው። በውስጡ የአንጀቱን ግድግዳ የሚሸፍን ኢሚዩኖግሎቡሊን ኤ የሚባል በሽታ ተከላካይ አለ። ላክቶፌሪን የሚባል ፕሮቲንም አለ፤ ባክቴሪያ እንዲራባ የሚያስፈልገውን ብረት ይነጥቀዋል። የሚገርመው ደግሞ እነዚህን ባክቴሪያ ሊላመዳቸው የሚቸገር መሆኑ ነው፤ እንደ አንድ ኪኒን አንድ ቦታ ብቻ አይመቱትም።

ልጁ ጡት ለመያዝ አቅም ባይኖረውም ከወለድሽ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ማለብ ጀምሪ፤ ከዚያ በየሁለት ወይም ሦስት ሰዓቱ፣ በቀን ስምንት ጊዜ ያህል። የመጀመሪያ ቀን ጥቂት ጠብታ ብቻ ቢመጣ አብሽሪ፤ የልጅሽም ሆድ በዚያ ቀን ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ብዙም አይበልጥም።

አካሄዱ ይህ ነው። እጅሽን ታጠቢ። ጡትን በየጊዜው በሳሙና ማጠብ አያስፈልግም፤ ቆዳውን ያደርቀዋል። ሰፊ አፍ ያለው ኩባያ ያዢ። ኩባያው በፈላ ውሃ ውስጥ አሥር ደቂቃ ፈልቶ የወጣ ይሁን፤ ማፍያ በሌለበት በሳሙና ታጥቦ የፈላ ውሃ ሞልተሽበት ጥቂት ቆይቶ ይደፋ። አውራ ጣትሽን ከላይ፣ ሌሎቹን ከታች፣ ከጥቁሩ ክብ ትንሽ ራቅ አድርገሽ ወደ ደረትሽ ገፋ፣ ከዚያ ጨመቅ፣ ከዚያ ለቀቅ። የጡቱን ጫፍ አትጎትቺ። ሲያልቅ ክዳን አድርገሽ ስምሽንና ሰዓቱን በፕላስተር ላይ ጽፈሽ ለጥፊበት። የክፍሉ ሙቀት ላይ ከአራት ሰዓት በላይ የቆየ ወተት አይሰጥም። ማቀዝቀዣ ካለ እስከ አራት ቀን።

ጡጦ አትግዙ። የጡጦው ጫፍ ውስጥ የሚቀረውን የወተት ቅሪት እናትም ነርስም በሚገባ አያጸዱትም። በአፍንጫ ቱቦ፣ ከዚያ በኩባያ፣ ከዚያ በጡት፤ መንገዱ ይህ ነው። የተረፈ ወተት ደግሞ እጅ በሚታጠብበት ገንዳ አይደፋ። ወተትና ግሉኮስ የሚደፋበት ጉድጓድ ለክሌብሲየላ ድግስ ነው፤ ከዚያ ውሃው ሲፈናጠር ወደ እጃችሁ ይመለሳል።

5. ገላ ለገላ

ልጁን ገላ ለገላ መያዝ፣ ማለትም ካንጋሮ የሚባለው እንክብካቤ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ቦጎታ፣ ኮሎምቢያ ውስጥ የተጀመረው ማሞቂያ ስላነሰ ነበር። አሁን ግን የማሞቂያ ምትክ ብቻ እንዳልሆነ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመና በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ የተካሄደ ጥናት እንዳሳየው ከተወለዱ ጀምሮ ወዲያው ገላ ለገላ የተያዙ ዝቅተኛ ክብደት ያላቸው ሕፃናት በ28 ቀን ውስጥ የሞቱት ከ100ው 12 ሲሆኑ እስኪረጋጉ ከተጠበቁት ግን 16 ገደማ ነበሩ። በኢንፌክሽን የተጠረጠሩትም ያነሱ ነበሩ።

ምክንያቱን አስቡት። በአልጋው ላይ የተኛ ልጅ በቀን ብዙ እጅ ይነካዋል። በእናቱ ደረት ላይ ያለ ልጅ የሚነካው የእናቱ ገላ ነው። ቆዳው ላይ የሚሰፍሩት የእናቱ ባክቴሪያዎች ይሆናሉ፤ ቦታውን ቀድመው ስለያዙት የሆስፒታሉ ባክቴሪያ ገብቶ የሚቀመጥበት ያጣል። ስለዚህ ሐኪሙ ሲፈቅድ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚመክረው በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት ያዢው። ኦክስጅን ላይ ቢሆንም ይቻል እንደሆነ ጠይቂ፤ ብዙ ጊዜ ይቻላል።

ከመያዝሽ በፊት ታጠቢ፣ ንጹሕ ልብስ ልበሺ። ደረትሽ ላይ ቅቤም ሽቶም አይኑር። ደረትሽ ላይ ቁስል ወይም እብጠት ካለ፣ ወይም ሳል ካለብሽ አስቀድመሽ ተናገሪ። ሲደክምሽ አባቱ ይያዘው። የመጀመሪያ ልጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሁለት ሰዓት ሳይነቃነቅ የተቀመጠ የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠራተኛ አስታውሳለሁ፤ እግሩ ደንዝዞ ሲነሣ ደግፈን አቆምነው፣ በማግስቱም ከሥራ ወጥቶ በቀጥታ መጣ።

6. ጠያቂ

የኛ አገር ሰው አራስ ሳይጠይቅ አያድርም፤ «እንኳን ማርያም ማረሽ» ለማለት ከሐይቅና ከኩታበር ድረስ ይመጣል። ይምጣ፤ እናቷን ያጽናናት፣ አጥሚቱን ያምጣላት። ግን ሕፃኑ ክፍል አይግባ። ወላጆች ብቻ፣ ቢበዛ አንድ አያት። ማንም አይሳመው። ጉንፋን፣ ተቅማጥ፣ የእጅ ቁስል ያለበት ሰው ወላጅ ቢሆን እንኳ ለነርሷ ይንገር። ሌሎች እናቶችን በማፍቀር የእነርሱን ልጅ ለማባበል እጃችሁን አትዘርጉ፤ እናቲቱን አነጋግሯት፣ ልጁን አትንኩት።

7. መድኃኒቱ

ኢንፌክሽን ሲጠረጠር አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ደም ተወስዶ ካልቸር መደረጉ ትልቅ ነገር ነው። ላብራቶሪ ባክቴሪያውን አሳድጎ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው የሚያየው በዚህ ነው። ብዙ ቤተሰብ «ይህች ደም እንዴት ይወሰድባታል» ብሎ ይከላከላል። ፍርሃታችሁ ይገባኛል። ነገር ግን ሦስት ኪሎ የሚመዝን ሕፃን 250 ሚሊ ሊትር ያህል ደም አለው፤ ለካልቸር የሚያስፈልገው አንድ ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ደሙ ሳይወሰድ መድኃኒት ከተጀመረ ግን በኋላ በጨለማ መተኮስ ይሆናል። ውጤቱ ብዙ ጊዜ በ24 እና በ48 ሰዓት መካከል መታየት ይጀምራል፤ እስከ አምስት ቀን ሊጠበቅ ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት አንቲባዮቲኮችን በሦስት ወገን ከፍሏቸዋል፤ በቅድሚያ የሚሰጡ፣ በጥንቃቄ የሚሰጡና ለመጨረሻ የሚቀመጡ። አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን ከመጀመሪያው፣ ሴፍትሪያክሰንና ሜሮፔነም ከሁለተኛው፣ ኮሊስቲን ከሦስተኛው ናቸው። «ዘመድ አለኝ፣ ጠንካራው ይታዘዝልኝ» የሚል አባት አጋጥሞኛል። ልጁን የሚያድነው ጥንካሬው አይደለም፤ ለዚያ ባክቴሪያ ተስማሚ መሆኑ ነው። ጠንካራው ያለ ምክንያት በተሰጠ ቁጥር የልጁ አንጀት ውስጥ ያሉት ደካሞች ይሞቱና የተላመዱት ብቻ ሜዳውን ይወርሳሉ። ነገ የሚያጠቁት እነዚያ ናቸው፤ የሚጎዳው ጎረቤት አልጋ ያለው ልጅም ነው።

አራት ጥያቄ ጽፋችሁ ያዙ፦ የመድኃኒቱ ስም ማን ነው? ለምን ታዘዘ? ለስንት ቀን ነው? የካልቸሩ ውጤት መጥቷል ወይ? ካልቸሩ ላይ ምንም ካልበቀለና ልጁ ደኅና ከሆነ ሐኪሙ ከ48 ሰዓት ገደማ በኋላ መድኃኒቱን ሊያቆም ይችላል። ያኔ «መድኃኒት አስቋረጡብን» ብላችሁ አትጣሉ። በትክክለኛው ጊዜ ማቆምም ሕክምና ነው። ኢንፌክሽን መኖሩ ከተረጋገጠ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን፣ ወደ አንጎል ሽፋን ከገባ እስከ ሦስት ሳምንት ይሰጣል፤ ልጁ ተሻለው ብላችሁ አውጥታችሁ አትሂዱ።

ከውጭ ግዙ ከተባላችሁ ከታወቀ ፋርማሲ ብቻ ግዙ። ስሙን፣ ሚሊ ግራሙን፣ የሚያበቃበትን ቀንና ማሸጊያው ያልተነካ መሆኑን ተመልከቱ። ደረሰኝና ካርቶኑን አትጣሉ። ገንዘብ ቢያጥራችሁ አንድ ቀን ሰጥቶ አንድ ቀን ከመዝለል አስቀድማችሁ ለሐኪሙ ወይም ለማኅበራዊ አገልግሎት ክፍል ተናገሩ። በየ8 ወይም በየ12 ሰዓቱ የታዘዘ መርፌ ሲዘለል ባክቴሪያው ትንፋሽ ያገኛል። ፔኒሲሊንን ያገኘው ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 ኖቤል ሲቀበል ያስጠነቀቀው ይህንኑ ነበር፤ ያነሰ መጠን ባክቴሪያውን አይገድለውም፣ መላመድን ያስተምረዋል።

8. ዕቃና ጠርሙስ (ይህ ለባልደረቦቼም ነው)

ከዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ ክፍል በአንድ ሳምንት ውስጥ አራት ሕፃናት ተከታትለው ታመሙ። መነሻውን ስንፈልግ ያገኘነው አንድ ተከፍቶ ለብዙ ሕፃናት እየተቀዳ የዋለ የግሉኮስ ጠርሙስ ነበር። እኔም ከዚያ ጠርሙስ ቀድቻለሁ። ከዚያ በኋላ አንድ ጠርሙስ ለአንድ ልጅ ሆነ፤ ሲከፈት ቀንና ሰዓት ይጻፍበታል፣ ቀኑን ሲጨርስ ቢተርፍም ይጣላል። እጥረት መኖሩን አውቃለሁ፤ በራሴ ዓይን አይቼዋለሁ። ግን በአንድ ጠርሙስ ቆጥበን በሜሮፔነም እንከፍላለን፣ አንዳንዴም በልጅ።

የእጅ ማጽጃ አለቀ ማለትም ምክንያት አይሁን። የሆስፒታል ፋርማሲ በዓለም ጤና ድርጅት ቀመር ራሱ ሊሠራው ይችላል። ለ10 ሊትር፦ 96 በመቶ ኢታኖል 8,333 ሚሊ ሊትር፣ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ 417 ሚሊ ሊትር፣ 98 በመቶ ግሊሰሮል 145 ሚሊ ሊትር፤ ከዚያ ፈልቶ በቀዘቀዘ ወይም በተጣራ ውሃ 10 ሊትር እስኪሞላ። ከታሸገ በኋላ 72 ሰዓት ይቆይ፤ ጠርሙሱ ውስጥ የነበሩ ስፖር የሚባሉ ጠንካራ የባክቴሪያ ፍሬዎች የሚሞቱት በዚያ ጊዜ ነው። ኢታኖል እሳት ይወዳልና ከምድጃ ይራቅ። ይህ የፋርማሲ ሥራ ነው፤ ቤት ውስጥ አይሞከር።

ለወለልና ለደረቅ ዕቃ 5 በመቶ ከሆነ በረኪና አንድ እጅ ለ9 እጅ ውሃ ሲቀላቀል 0.5 በመቶ ይሆናል። በየቀኑ አዲስ ይቀላቀል። መጀመሪያ በሳሙና ይጠረግ፤ በቆሻሻ ላይ የፈሰሰ በረኪና አቅም የለውም። ሕፃን ውስጡ እያለ ማሞቂያው በበረኪና አይጠረግ።

ቤተሰብ ደግሞ ማየት የሚችለው ይህን ነው፦ ልጃችሁ የራሱ ቴርሞሜትር አለው ወይ? ልቡና ትንፋሹ የሚሰማበት መሣሪያ ከአልጋ አልጋ ሲዞር በአልኮል ይጠረጋል ወይ? ካኑላው (መድኃኒት በደም ሥር የሚሰጥበት ቀጭን ቱቦ) የገባበት ቦታ ቀልቷል፣ አብጧል፣ ፋሻው ርሷል? ካኑላው የማያስፈልግ ሲሆን ይውጣ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ቆዳ ላይ የተከፈተ ቀዳዳ ሁሉ በር ነው።

9. ቶሎ የሚነገር ምልክት

ቀኑን ሙሉ የምታየው እናት ከማንም ቀድማ ታውቃለች። ትናንት ይጠባ የነበረ ዛሬ ሰነፈ፤ ሆዱ ተነፋ፤ አረንጓዴ አስታወከ፤ በደቂቃ ከ60 በላይ ይተነፍሳል፤ ትንፋሹ ቆም ይላል፤ ገላው አመድ መሰለ፤ ሙቀቱ ከ37.5 በላይ ወጣ ወይም ከ36.5 በታች ወረደ፤ ሲነካ ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ተንቀጠቀጠ። ትኩሳት ብቻ አትጠብቁ፤ ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን በኢንፌክሽን ሲያዝ ብዙ ጊዜ ይቀዘቅዛል። «ሲስተር፣ ዛሬ ልጄ ሌላ ሆነብኝ» የምትል እናት ስትመጣ ተነሥቼ እሄዳለሁ። እስኪብስበት አትጠብቁ፣ ሌሊትም ቢሆን ቀስቅሱን።

10. «ተላምዶ ተገኘ» ቢባል

መጀመሪያ ይህን ጠይቁ፦ ባክቴሪያው የተገኘው ደሙ ውስጥ ነው ወይስ ቆዳው ወይም አንጀቱ ላይ? ደም ውስጥ ከሆነ ሕመም ነው፣ ይታከማል። ቆዳ ወይም አንጀት ላይ ብቻ ከሆነ ልጁ ተሸካሚ ነው እንጂ አልታመመም፤ መድኃኒት ላያስፈልገው ይችላል።

በሁለቱም መንገድ ልጁ ለብቻው ጥግ ሊተኛ፣ የራሱ ዕቃ ሊኖረው፣ ነርሶች ጋውንና ጓንት አድርገው ሊነኩት ይችላሉ። ይህ ቅጣት አይደለም፣ ማግለልም አይደለም። እናት በመጠበቂያው ክፍል «የእሷ ልጅ ያ በሽታ አለበት» ተብላ ብቻዋን ስትቀመጥ አይቻለሁ፤ ሌሎቻችሁ እንዲህ አታድርጉ። በንግግር፣ በሻይና ቡና አብሮ በመቀመጥ አይተላለፍም። ጡት ማጥባቱም ገላ ለገላ መያዙም ይቀጥላል። የሚጨመረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከልጁ አልጋ ስትነሡ የምትታጠቡት ስትደርሱ ከምትታጠቡት እኩል ይሆናል።

11. ቤት

ሲወጡ የሚሰጠውን ወረቀት በስልክ ፎቶ አንሡት። የወሰዳቸው መድኃኒቶች ስምና የካልቸሩ ውጤት ተጽፎበት እንደሆነ አንብቡ፤ ካልተጻፈ ይጻፍልን በሉ። ጄንታማይሲን ወይም አሚካሲን የወሰደ ልጅ ጆሮው ይመርመርለት፤ እነዚህ መድኃኒቶች መስማትን ሊጎዱ ይችላሉ። ያለ ጊዜው ቢወለድም የ45ኛው ቀን ክትባቱ የሚቆጠረው ከተወለደበት ቀን ነው።

እትብቱ ላይ ቅቤም ሌላም ነገር አይደረግ። የክሎርሄክሲዲን ቅባት ከተሰጣችሁ በታዘዘው መሠረት ለእትብቱ ብቻ ነው፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። ቱቦው ከዓይን ቅባቱ ጋር ስለሚመሳሰል ሁለቱን ለየብቻ አስቀምጡ፣ ማንበብ ለማይችል ሰውም አሳዩት። ልጁን ቅቤ አታስውጡት፤ እስከ ስድስት ወር ከእናት ወተትና ሐኪም ካዘዘለት መድኃኒት ወይም ቫይታሚን በቀር ምንም አያስፈልገውም። ሲያስለው ወይም ሲያስቀምጠው ከሱቅ አሞክሳሲሊን ገዝታችሁ አትስጡት፤ ወደ ጤና ጣቢያ አምጡት፣ ወረቀቱንም ይዛችሁ ኑ።

ሆስፒታል የቆየ ሕፃን ባክቴሪያውን አንጀቱ ውስጥ ለወራት ያለ ሕመም ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ ዳይፐር የምትቀይሩበትን ቦታ ከወጥ ቤቱ አርቁት። ዳይፐሩን ከቀየራችሁ በኋላ ታላቅ እኅቱን ከማጉረሳችሁ በፊት፣ ሊጥም ከመንካታችሁ በፊት፣ ማሞቂያው ክፍል በር ላይ ትታጠቡ እንደነበረው አድርጋችሁ አውራ ጣታችሁን ሳትረሱ እጃችሁን ታጠቡ።